በጎጀብ ዳር ምን ይወሰን ነበር?

የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዞ ወደ ሙዚየም የሄደ መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጋሻና ጦር ሲያይ ይደሰታል፣ ይጠይቃል፣ አስጎብኚውን እግር በእግር ይከተላል። ትልልቆቹ ግን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በመጡት ዕቃዎች አጠገብ ፎቶ ይነሡና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ተሰብስበው መምህራቸውን ይጠብቃሉ። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን በወጣቱ ስንፍናና በስልኩ ያሳብባሉ። እኔ በጅማ ታሪክ ሳስተምር የታዘብኩት ግን ተማሪው የሚሰለቸው ያለቀለት ነገር ስለሚነገረው መሆኑን ነው፤ ጀግናው ታውቋል፣ ከሃዲው ታውቋል፣ ድሉ ቀን ተቆርጦለት በዓል ሆኗል፣ ለእሱ የተረፈለት ማጨብጨብ ብቻ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ድምፅ መስጠትና ውል መፈረም የሚችል ሰው ደግሞ ለጭብጨባ ብቻ ሲጠራ ይገባዋል።

ስለዚህ ከጥቂት መምህራንና ከሙዚየሙ ባለሙያዎች ጋር ሆነን ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የምናዘጋጃቸውን የትምህርት ክፍለ ጊዜዎች ከሌላ ጫፍ ጀመርናቸው። ተማሪውን ውጤቱ ገና ባልታወቀበት ቀን ላይ ማቆም፣ በዚያ ቀን የነበሩ ሰዎች ያውቁት የነበረውን ብቻ መንገር፣ ከዚያም ውሳኔውን ከእሱ መጠየቅ። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ጅማ ላይ ግን ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም የጅማ የጦርነት ታሪክ በመማሪያ መጽሐፍ ከምናውቀው የጦርነት ታሪክ ጋር በቀላሉ አይገጥምም።

የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ጅማ ከግንባሩ እጅግ የራቀች ነበረች። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ፤ ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ወጡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ወደ እኛ የመጣው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጣሊያኖች ምሥራቅ አፍሪካ ብለው የጠሩትን ግዛታቸውን ሲከፋፍሉ የደቡብ ምዕራቡን ክፍል፣ ዛሬ በክፍል ውስጥ የማንጠራውን ቃል በስሙ የያዘውን፣ ከጅማ እንዲገዛ አደረጉ። መሐንዲሶቻቸው በሄርማታ ገበያ ዙሪያ አዲስ ከተማ ነደፉ፤ ዛሬም ተማሪዎቻችን በየቀኑ የሚያልፉባቸው ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድም በብዙ ሠራተኛ ጉልበት የተሠራው ያኔ ነው። ለተማሪ የወረራውን ዘመን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻ ላሳይ ብል እኔው ራሴ እዋሻለሁ፤ ሣጥኑ ከተማው ነውና።

ከዚህ የሚከብደው የሱልጣኑ ጉዳይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ለአሥርት ዓመታት ቆዩ። ወደ ሕይወታቸው መጨረሻ ግን ማዕከላዊው መንግሥት ያን ነጻነት አነሣው፤ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢርም ታሰሩ። ጣሊያን ሲገባ አባ ጆቢርን የጅማ ሱልጣን አድርጎ መለሳቸው። በዚያው ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በወጣው የግዛቱ መሠረታዊ ሕግ ደግሞ በየግዛቱ የአገሬው ልጆች የሚማሩባቸው ቋንቋዎች ተደነገጉ፤ ለእኛ አካባቢ የተመረጡት ኦሮምኛና ካፍኛ ነበሩ። ይህን ሰነድ ለተማሪዎች ከሰጠናቸው በኋላ ክፍሉ ዝም ይላል። ከተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ኦሮሞዎች ናቸው፤ የየም፣ የካፋና የዳውሮ ልጆችም አሉ፤ አያቶቻቸው በራሳቸው ቋንቋ ለመማር እንዳልታደሉ ሁሉም ከቤቱ ያውቃል። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አነሣና፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ጣሊያን ለእኛ ይሻል ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ብዙ መምህር እዚህ ላይ ይቆጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄው እንዳይነሣ ሰነዱን ከመጀመሪያው ይደብቃል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ባደርግ ያ ልጅ ጥያቄውን ይዞ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ እዚያ የሚመልሱለት ሰዎች ደግሞ ለእሱም ሆነ ለታሪኩ ደንታ የላቸውም። ስለዚህ ከመልስ ይልቅ ሁለተኛ ሰነድ እንሰጣለን፤ ይህም ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚቀጣው አዋጅ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጀምራሉ። በቋንቋህ ተማር የሚልህ መንግሥት ከአንተ እህት ጋር ቤት የመሠረተውን የራሱን ዜጋ ያስራል። ትምህርቱ የት ድረስ ነው? ከዚያስ በኋላ ምን ትሆናለህ? ከፈረንጅ አራዳ ወዲያ ማን ይኖር ነበር፣ ወዲህስ ማን? አንዲት የየም ልጅ፣ «ከፋፍሎ ለመግዛት ነዋ» ስትል ሌላው፣ «እሱማ ይሁን፣ ግን ለምን ከእነሱ በፊት ማንም አላሰበበትም?» አላት። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ እኔም ያን ቀን የጨመርኩት ነገር የለም።

አሁን ወደ ጎጀብ ልምጣ፤ ከክፍለ ጊዜዎቻችን ሁሉ በጣም የምወደው ይህ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሄደ ሁሉ ጎጀብን ተሻግሯል። ተማሪዎቻችን በአውቶቡስ ሲያልፉት ኖረዋል፤ በዚያ ወንዝ ዳር ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ከመቶ አንድ አይገኝም። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በሽሬ ግንባር ከተዋጉ በኋላ በጎጃም በኩል ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲወጡ እንደራሴ አድርገው የተዉት እሳቸውን ነው። ነቀምቴ ላይ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ካዴቶችና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማኅበሩ አሥር አንቀጾች ያሉት መተዳደሪያ ነበረው፤ የጦር ሥልጣን ለፖለቲካ ሥልጣን እንዲገዛ፣ ምርኮኛም በሰብዓዊነት እንዲያዝ ይደነግጋል። እነዚህ ወጣቶች ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጥለው መኰንኖቹን ከገደሉ በኋላ ራስ እምሩ እንዲመሯቸው ጠየቁ። በምዕራቡ ግን ሁሉም በአንድ ልብ አልነበረም፤ አንዳንድ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች የእንግሊዝን ሞግዚትነት ጠይቀው ነበር። ጎሬ በጠላት እጅ ስትገባ የእምሩ ጦር ወደ ደቡብ ተነሣ፤ የጠላት ጦርም በየአቅጣጫው ተከተለው። ጎጀብ ዳር ተከበበ።

ለተማሪዎቹ እስከዚህ ድረስ ብቻ እንነግራቸዋለን። ከዚያ በቡድን እየተከፈሉ ካርድ ይወስዳሉ። በአንዱ ካርድ ላይ ካዴት አለ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ በሆለታ ዘመናዊ የጦር ትምህርት የቀመሰ። በሌላው ከጎጃም ጀምሮ በእግሩ የተጓዘ ነባር ወታደር፣ በሌላው ቁስለኛ የሚሸከሙ ሰዎች፣ በሌላው ባሏን ተከትላ ስንቅ የያዘች ሴት፣ በሌላው በወንዙ አካባቢ የሚኖርና እህሉን ገና ያልሰበሰበ ገበሬ አሉ። ምርጫዎቹ ጥቂት ናቸው። እስከ መጨረሻው መዋጋት፤ በትንንሽ ቡድን ተበትኖ ወደ ጫካ መግባት፤ ወንዙን ሰብሮ ወደ ደቡብ መግፋት፤ ወይም የሰዎችን ሕይወት ለማትረፍ እጅ መስጠት። ሃያ ደቂቃ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ።

ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው መበተን ነው፤ ተማሪዎቹ የሽምቅ ውጊያ በኋላ ጣሊያንን እንዴት እንዳደከመ ከመጽሐፍ ያውቃሉና። እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገብቼ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ፤ ቁስለኛውስ? ክፍሉ እንደገና ይተራመሳል። አንዱ፣ «ይቅርታ ይደረግልኝና ቁስለኛ ይቀራል» ይላል። ሌላው፣ «አንተ ብትሆንስ?» ይለዋል። አምና ይህን ክርክር ያቋረጠችው የገበሬውን ካርድ የያዘች ልጅ ነበረች። እስከዚያ ሰዓት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «እስካሁን ማናችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም» አለች። «ተበትናችሁ የምትገቡት የእኔ ጫካ ውስጥ ነው፤ የምትበሉት የእኔን በቆሎ ነው፤ እናንተ ስትሄዱ ጣሊያን የሚያቃጥለው የእኔን ቤት ነው።» ስለ ወረራው ያነበብኳቸው ብዙ ገጾች ይህን ያህል ግልጽ አላደረጉልኝም።

ከዚያ የሆነውን እንነግራቸዋለን። ራስ እምሩ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። በዚያ ዘመቻ ከእሳቸው ጋር ከነበሩትና በግዞት ከተወሰዱት ወጣቶች አንዱ በኋላ በደራሲነቱ የታወቀው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ከዚያ በተከተለው ጭፍጨፋ ጣሊያን የተማረውን ወጣት እየለቀመ ሲገድል ከጥቁር አንበሳ ሰዎች ብዙዎቹ አለቁ። ክፍሉ ይህን ሲሰማ ድምፁን መቀየር ይፈልጋል። አንፈቅድም። ይልቁንም እያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት በፊት ለምን እንደዚያ እንደወሰነ፣ ያን ጊዜ የማያውቀው ምን እንደነበር ይጽፋል። ከሁሉም የቤት ሥራ ወረቀቶች ጊዜ ሰጥቼ የማነባቸው እነዚህን ነው። «እጅ የሰጡት ፈሪ ስለሆኑ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እኔ ብሆን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም» ብሎ የጻፈ ልጅ አለ። «አሁንም እጅ መስጠት ልክ አልነበረም፤ ግን እዚያ የነበረውን ሰው አልሰድብም» ያለችም አለች። ሁለተኛዋ ተማሪ በሐሳቤ አትስማማም፤ እኔ ግን በጣም ተደስቼባታለሁ።

ራስ እምሩ ከግዞት ተመልሰው እስከ 1972 ዓ.ም. ኖረዋል፤ መሬታቸውን ለጭሰኞች በማከፋፈላቸውም ይታወቃሉ። ይህን የምንጨምረው ተማሪ አንድን ሰው በአንድ ቀን ውሳኔው ብቻ እንዳይዘጋው ነው፤ ጊዜ ካጠረን ግን እንዘለዋለን።

ስለ ፎቶግራፎች ስናወራ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ። የጣሊያን ወታደሮች ከተሰቀሉና አንገታቸው ከተቆረጠ ኢትዮጵያውያን አጠገብ ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበር፤ ለማስታወሻ ይዘዋቸውም ይሄዱ ነበር። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬ በየኢንተርኔቱ ይገኛሉ፤ ተማሪዎቹም ከእኔ በፊት አይተዋቸዋል። አንዳንድ ሰው ለትልልቅ ተማሪ ሁሉም ነገር በግልጽ ይታይ ይላል። በዚህ አልስማማም። በክፍላችን ውስጥ በቅርብ ዓመታት በአገራችን በተደረጉ ጦርነቶችና ግጭቶች ከቤታቸው ተፈናቅለው ጅማ የደረሱ ልጆች አሉ፤ ሬሳ ያዩ አሉ። እነሱ ጦርነት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የእኔን ሥዕል አይፈልጉም። ስለዚህ የምንይዘው አስከሬን የሌለበትን ነው። ወታደሮች በሰልፍ የቆሙበት፣ አንድ መኰንን ከአንድ ባላባት ጋር እጅ ሲጨባበጥ የሚታይበት፣ አዲስ ሕንፃ የሚመረቅበት። ጥያቄያችንም ካሜራውን ማን እንደያዘ፣ ፎቶው ለማን እንደተላከ፣ ከፍሬሙ ውጭ ማን እንደቀረ ነው። በእነዚህ ላይ አንድ ሰዓት መቆየት ይቻላል። ከተመረቀው ሕንፃ ፎቶ ውስጥ ድንጋዩን የተሸከሙት እንደሌሉ ለማየት የታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ ያዩት ሁልጊዜ የቀን ሠራተኛ ልጆች ናቸው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ መሐል አንድ ልጅ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ወጥቼ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ውጭ ካሉት ጥበቃ ጋር ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ የሚወጣም ምክንያት እንደማይጠየቅ በመጀመሪያ እንናገራለን። ይህን ከጻፍኩት ሁሉ ትንሹ ነገር ነው ብለው የሚያልፉት መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ያለዚህ የጦርነት ታሪክን በሙዚየም ባላስተምር እመርጣለሁ።

ከቁጥር ጋር ያለን ክፍለ ጊዜ በአንጻሩ በጩኸት የተሞላ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሰላም ጉባኤው ያቀረበው መግለጫ በወረራውና በአምስቱ ዓመት የሞተውን ሰው 760,300 ያደርሰዋል። ዝርዝሩን እንሰጣቸዋለን። በጦር ሜዳ የሞቱ 275,000፤ በአርበኝነት የሞቱ 78,500፤ በቦምብ ድብደባ የሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች ሰላማውያን 17,800፤ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ 30,000፤ በማጎሪያ ካምፖች 35,000፤ በፈጣን ፍርድ ቤቶች ውሳኔ የተገደሉ 24,000፤ መንደሮቻቸው በመቃጠላቸው የሞቱ 300,000። መጀመሪያ ደምረው ትክክል መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ይገጥማል። ከዚያ ማፈንገጥ ይጀምራሉ። ለምን ሁሉም ቁጥሮች በዜሮ ያልቃሉ? ከሁሉም ትልቁ ቁጥር፣ መንደር በመቃጠሉ የሞተው፣ እንዴት ተቆጠረ? ማን ቆጠረው? የመርዝ ጋዙ ሟቾች በየትኛው ውስጥ ናቸው? ይህ ሰነድ የተዘጋጀው ካሣ ለመጠየቅ መሆኑ ቁጥሩን ምን ያደርገዋል?

ስለ የካቲት 12 በቅርብ ዘመን የተደረገ ጥናት የአዲስ አበባውን ጭፍጨፋ ሟቾች ወደ 19,000 ገደማ ይገምታል። ይህን ስንነግራቸው አንዳንዶቹ እንደ ተሰደቡ ያህል ይቆጣሉ። ቁጥሩ ሲቀንስ ወንጀሉ የሚቀንስ የመሰላቸውን፣ በሦስት ቀን ውስጥ በአንድ ከተማ 19,000 ሰው መገደሉን ቆም ብለው እንዲያስቡት እጠይቃለሁ። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው የመንግሥት ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ይላሉ፤ እነሱንም ያለ ምንም ቁጥር የቀረ ሟች ምን እንደሚሆን እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል መወሰኑን ሰምቶ ስልኩን አወጣና አካፈለ። «ለአንድ ሰው 33 ዶላር አይሞላም» አለ። የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚያ የጦርነት ካሣ እንደሆነ ስነግረው፣ «ታዲያ መብራቱ ለምን ይጠፋል?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው፤ ያን ዕለትም እውነቱን ለመናገር ጠዋቱን ሙሉ መብራት አልነበረም።

ሌላው ተማሪ የማይጠብቀው ነገር የነጻነቱ ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ በዓሉ በመላ አገሪቱ በዚያ ቀን ይከበራል። በጅማ ግን የጣሊያን ባንዲራ ያን ቀን አልወረደም። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአዎስታው መስፍን ግንቦት 11 አምባ አላጌ ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ፣ የእኛ ክፍል አገረ ገዥ የነበረው ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ የቀረውን ጦር ይመራ የነበረው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ነው። የኦሞ ወንዝ በዝናብ ሞልቶ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ተሻግሮ ጅማን የያዘው ሰኔ 14 ቀን ነው፤ የገረሱ ዱኪ አርበኞችም በዚያ መንገድ ላይ ለዓመታት ጠላትን ሲያደሙ የነበሩ ናቸው። ጋዜራ ራሱ ወደ ምዕራብ አፈግፍጎ ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን የሰጠው ለቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች ነው።

እዚህ ላይ ካርታ እንዘረጋለን። «የእንግሊዝ ጦር» ሲባል ተማሪው በሐሳቡ የሚስለው ነጭ ወታደር ነው። በኦሞ በኩል የመጡት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች ግን ከኬንያ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ የተመለመሉ አፍሪካውያን ነበሩ። ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር ያሉ ሰዎች ሌላውን ከቅኝ ገዥ ሊያስለቅቁ መጡ፤ ከዚያም ወደ ቅኝ ግዛታቸው ተመለሱ። በሌላ በኩል ደግሞ በጣሊያን ሥር ሆነው የተዋጉት አስካሪዎችም የዚሁ አህጉር ልጆች ነበሩ። ይህን ክፍለ ጊዜ ስጨርስ ብዙም አልናገርም፤ ተማሪዎቹ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ለወላጆቻቸው ይነግራሉ፤ እንዴት እንዳወቅሁ ብትጠይቁኝ፣ ወላጆቹ ወደ ትምህርት ቤት መጥተው እውነት መሆኑን ስለሚጠይቁኝ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። በአንድ ጊዜ ከሠላሳ የማይበልጥ ተማሪ ካልሆነ ነገሩ ወደ ጉብኝት ይመለሳል። አስጎብኚው ቀድሞ ካልተዘጋጀ በክርክሩ መሐል መልሱን ይናገርና ሁሉም ያበቃል፤ ስለዚህ ከመምህሩ ይልቅ ከአስጎብኚው ጋር ቀድሞ መቀመጥ ይጠቅማል። ክርክሩ በአማርኛ ተጀምሮ ሲሞቅ ወደ ኦሮምኛ መሄዱን አንከለክልም። የቀን አቆጣጠር ሰሌዳ ግድግዳ ላይ መኖር አለበት፤ አለዚያ አንዱ 1928 ሌላው 1936 እያለ ስለ አንድ ዓመት ሲጣሉ ይውላሉ። ከሁሉም በላይ የሚጎድለን ሰዓት ነው፤ ለአንድ የጎጀብ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል፣ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅን ተማሪ ግማሽ ቀን መልቀቅ አይወዱም።

ተቃውሞም አለ፤ ከሁሉም የከበደኝን ልጥቀስ። አባታቸው አርበኛ የነበሩ አንድ አዛውንት ክፍለ ጊዜውን ተከታትለው ሲያበቁ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ እኛ ለእነዚህ ልጆች ኩራት አውርሰናቸው ነበር፣ አንተ ጥርጣሬ ታወርሳቸዋለህ» አሉኝ። እጅ ነሥቼ አዳመጥኳቸው። ለእሳቸው በቂ መልስ ሰጥቻለሁ ብዬ አላስብም። ሆኖም አባታቸው በጫካ ዓመታት ያሳለፉት ነገሩ እንደሚያበቃ፣ እንደሚያሸንፉም ሳያውቁ ነበር፤ የጀግንነታቸው ክብደት ያለው እዚያ አለማወቅ ውስጥ ነው፤ ድሉን ከመጀመሪያው የነገርነው ተማሪ ደግሞ ይህን ክብደት ሊመዝነው አይችልም። እንዲህ ስላቸው አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን አለመስማማት አልለየሁትም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ ተማሪዎቹ ለመበተን ድምፅ ሲሰጡ፣ «ጫማ አላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

የዚህ ዓመት ሥራችን ስንቅ ነው። ስለ ሴት አርበኞች ስናስተምር የሸዋረገድ ገድሌንና የከበደች ሥዩምን ስም እንጠራለን፤ በእኛ አካባቢ ግን እህል የፈጩት፣ ውኃ የቀዱት፣ ወሬ ያደረሱት ሴቶች በስም አይታወቁም። የዚያ ዘመን አዋቂዎች አልፈዋል፤ ልጆቻቸውም ሸምግለዋል። ስለዚህ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው የሚጠይቋቸውን ጥቂት ጥያቄዎች አዘጋጅተናል፤ በዚያ ዘመን በቤታችሁ ምን ይበላ ነበር፣ ማን ያበስል ነበር፣ ማን መጥቶ በላ? እስካሁን የተመለሱት ወረቀቶች ብዙ አይደሉም፤ ከመካከላቸው ግን አንዲት ቅድመ አያት በአንድ ወቅት ለአርበኞች፣ በሌላ ወቅት ለጣሊያን መንገድ ሠራተኞች እንጀራ ትጋግር እንደነበር የሚናገር አለ። የሙዚየሙ ባለሙያ ወረቀቱ ከአርበኞች ፋይል ጋር ይቀመጥ ይላሉ። እኔ ስንቅ የሚል የራሱ ፋይል ይከፈትለት ባይ ነኝ። የጻፈችው ተማሪ ደግሞ ሁለታችንም ቅድመ አያቷን ሳናውቃት እየመደብናት ነው ብላ ተቃውማናለች፤ ከክረምት በኋላ ጉዳዩ ለክፍሉ ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበታል።